ሆዴን ካላጠብሁ የማልውልበት ዘመን

ስለ ሆድ ድርቀት በአደባባይ የሚያወራ ሰው የለም። ሴት ስትሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ጎረቤት ለጎረቤት በጆሮ ነው የምንነጋገረው። እኔም እንዲያው ዝም እንዳልሁ ልሞት ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሕፈቴ ያማረ አይደለም፤ የደረሰብኝን እንደ ደረሰብኝ ለማስቀመጥ ግን ይበቃኛል። አንዲት ሴት እንኳ አንብባው ከእኔ መንገድ ብትመለስ ደስ ይለኛል።

ዘይነባ እባላለሁ። ወረታ ነው የኖርሁት። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት አለፍ ብሎ ትንሽ ሱቅ ነበረችን፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ እንሸጥባታለን። ባለቤቴ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እናቱ እማ ሐዋ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ልጅ ገና አልወለድንም። ሰይድ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን ከሱቁ ፊት ያቆምና ገና ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሆዴ፣ አለሽ?» ይለኛል። የት እሄዳለሁ ብሎ ነው? ግን ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሁልጊዜ «አለሁ» እለዋለሁ።

በደርጉ የሰሜን ጦርነት ጊዜ የጭነት መኪና ከነሹፌሩ ለግዳጅ ይወሰድ ነበር። የሰይድም ተራ ደረሰና ስንቅ ጭኖ ወደ ሰሜን እንዲሄድ ታዘዘ። «ለአረፋ እቤቴ ነኝ» ብሎኝ ሄደ። አረፋ አለፈ። መውሊድም አለፈ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያየው ሰው ይመጣ ነበር፤ «አስመራ አብረን አድረናል፣ ደህና ነው» ይሉናል። በኋላ እንዲህ የሚልም ጠፋ።

ከጎንደር በኩል የሚመጣ መኪና ከተማው ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ እላለሁ። መኪናው ያልፋል፣ እኔም እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። እህል አይወርድልኝም፣ ውኃ መጠጣት እረሳለሁ፣ ከወንበሬ አልንቀሳቀስም። ሆዴ እምብርቴ ላይ ቋጠሮ ቋጠረ። ሳምንት ሙሉ ሆዴ ሳይሠራ ሲቀር እማ ሐዋ ክንዴን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት አቶ ደሳለኝ የሚባል ሰው ነበር። ሆዴን ነካ ነካ አደረገና «ኢኔማ እሰጥሻለሁ፣ አትፍሪ» አለኝ። ኢኔማ ማለት ለብ ያለ ውኃ በቀጭን ጎማ በመቀመጫ በኩል ወደ አንጀት አስገብቶ የደረቀውን ማስወጣት ነው። አፈርሁ፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ሲያልቅ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ወጣሁ። ቋጠሮው ተፈታ፣ ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ። ያን ቀን ከሰዓት የሱቁን በር ዘግቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ሰይድ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

አቶ ደሳለኝ ሲሸኘኝ «ይኼ የዛሬ መፍትሔ ነው። ውኃ ጠጪ፣ ተነሥተሽ ሂጂ፣ ጎመን ብዪ» ብሎኝ ነበር። እኔ የያዝሁት ግን እንቅልፉን ነው። ለሱቅ ዕቃ ጎንደር በሄድሁ ጊዜ ከአንድ መድኃኒት ቤት ያንኑ ዕቃ፣ ጣሳውን ከነጎማው፣ ገዝቼ መጣሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሆዴ ስለደረቀ ብቻ አልነበረም የማደርገው። ውኃው ለብ ብሎ ሲገባ ወገቤ ይላላል፣ ትከሻዬ ይወርዳል። ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ሰውነቴ እንደ ጥጥ ይቀለኛል። ፍራሼ ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የመኪና ድምፅ አልሰማም። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲያዳምጥ ለዋለ ጆሮ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ሰው የናፈቀ ያውቀዋል።

ውኃውን የሚያሞቁልኝ እማ ሐዋ ነበሩ። «ሰይድ እስኪመጣ አደራው ነሽ» ይሉኛል፣ ማሰሮውን ከጓዳው በር ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ያዞራሉ። ደህና ሆኜ ስወጣ ሲያዩኝ እሳቸውም ፊታቸው ይፈታ ነበር።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ከዚያ በየጁምዓው። ከዚያ ቀን በቀን ሆነ፤ በመጨረሻም ጧትም ማታም። ባዶው ውኃ አልሠራ ሲለኝ ከሱቃችን የልብስ ሳሙና ፈቅፍቄ አሟሟሁበት። ለብ ያለው ሲያንሰኝ «እማ፣ ትንሽ ይሙቅ» አልሁ። ጣሳውንም ደርቤ መሙላት ጀመርሁ። ያኔ ያለ ጎማው ሆዴ ጨርሶ መሥራት አቁሞ ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሳየው «ይኸው፣ ሕመሜ እንዴት እንደጸና! እንኳንም ዕቃውን ገዛሁ» ነበር የምለው። በሽታዬን ራሴ እያበላሁ መድኃኒት የወሰድሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ በቀበሌ የሴቶች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሁሉም ሲነሡ እኔ ከአግዳሚው መነሣት አቃተኝ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ሁለት ሴቶች ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። ከዚያ በኋላ ባቴን ጅማት ይይዘኛል፣ ጥማቱ አይቆርጥልኝም፣ ልቤ ደግሞ ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ደረቴ ውስጥ እንደ ተያዘ ዶሮ ይርገበገባል።

ጤና ጣቢያ ሄድን። አቶ ደሳለኝ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ጊዜው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ከፎገራ ሜዳ የሚሸሽበት፣ ወባ የሚበረታበት ነው። ግቢው ከሜዳው በመጡ ባላገሮች ሞልቷል፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው የሚንቀጠቀጡ፣ በቃሬዛ የተኙ። ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ዋልን። ተራዬ ሲደርስ ያየኝ ሰው ቀና ብሎም በደንብ ሳያየኝ «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ቀን የመጣው ሰው ሁሉ ወባ ነበር። ኪኒኑን ጨረስሁ፣ ድካሙ ባሰብኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ንፍጥ የመሰለ ነገር ከደም ጋር ይወጣኝ ጀመር። «አሜባ ነው» ተባልሁ። ያ መድኃኒት አፌን ብረት ብረት አሰኘው እንጂ ደሙን አላቆመውም። ከዚያ ሐሙሲት ከተማ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው አለ ብለውን ሄድን። «ነርቭ ነው፣ ሐሳብ አብዝታለች» አለና ወጋኝ። ዘመዶቻችን «ዓይን ነው» ብለው ሼህ ጠሩልኝ። ሼሁ ዱዓ አድርገውልኝ ሲያበቁ እማ ሐዋን ወደ ውጭ ጠርተው «ሐዋ፣ እኔ የምችለውን አድርጌአለሁ። ይች ልጅ ቀለሟ አላማረኝም፣ ትልቅ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሏቸው። እስከዚያ ድረስ ካዩኝ ሁሉ መካከል እውነቱን የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ወንድሜ ኑርዬ መታመሜን ሰምቶ ከአንበሳሜ መጣ። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና «ዘይነባ፣ ሰይድ ሞቷል። ተቀበይው። ነይ፣ ወደ እናትሽ ቤት ልውሰድሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትዳር ይመጣል» አለኝ።

«ማን ነገረህ መሞቱን?»

«ማንም አልነገረኝም። መኖሩንስ ማን ነገረሽ?»

እማ ሐዋ ከበሩ ላይ ቆመው ሰምተውት ኖሯል። ወደ ጓዳ ገቡ። ኑርዬ ሳይሰናበታቸው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን እሳቸውም እኔም የሰይድን ስም ሳናነሣ ከረምን፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ሰው እየናፈቅን።

አንድ ጧት ውኃውን ከጨረስሁ በኋላ ሆዴን ቢላዋ የገባበት ይመስል ቆረጠኝ። ከመሬት ወደቅሁ። ትኩሳቴ ነደደ፣ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መንገዱ አወጡኝ። እህል ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና አስቆሙ። ሹፌሩ መጀመሪያ «ሰው አልጭንም» አለ። አንዱ «የሰይድ ሚስት ናት» ሲለው ግን ወረደ። ረዳቱን እህሉ ላይ አወጣና እኔንና እማ ሐዋን ጋቢና አስገባን። በየጉድጓዱ እያዘገመ፣ በየኮረብታው «አይዞሽ» እያለ ወሰደን። የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ዓይኔን ገልጬ መሪው ላይ ያለውን እጁን አየሁ። የሹፌር እጅ ነው፤ ጣቶቹ በቅባት የጠቆሩ። ያን ጊዜ የሰይድ እጅ መስሎኝ «መጣህ?» አልሁት። ሰውዬው መንገዱን እያየ ዓይኑን ጠረገ።

ባሕር ዳር፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ በጎኔ ተኝቼ ጠበቅሁ። ከእኔ ቀድመው የመጡ ቁስለኛ ወታደሮች ነበሩ። እያንዳንዱ ቃሬዛ ሲያልፍ ቀና ብዬ የተኛበትን ሰው ፊት አያለሁ። ሰይድ የለበትም። ደስ ልሰኝ ልዘን አላውቅም።

የተመለከተኝ ሐኪም ወጣት፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ራጅ አስነሣኝ፣ ሆዴን በጣቱ ጫን ለቀቅ እያደረገ ጠየቀኝ።

«ከመታመምሽ በፊት የወሰድሽው ነገር አለ? ኮሶ? እንቆቆ? የአበሻ መድኃኒት?»

«ምንም አልወሰድሁም።»

በአፌ የገባ ነገር ስላልነበረ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ሐኪሙ ለነርሷ «አንጀቷ ተበስቶ እንደሆነ ዛሬ ይለይልናል፤ ለኦፕራሲዮን ተዘጋጁ» ሲላት ሰማሁ። ያን ጊዜ እማ ሐዋ፣ ከአልጋው ግርጌ ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ ቆመው የነበሩት፣ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ውኃ በሽታ ያመጣል እንዴ?»

«ምን ዓይነት ውኃ፣ እማማ?»

«እኔ የማሞቅላት።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከአልጋዬ ጠርዝ ተቀመጠ። እማ ሐዋ እያፈሩ ሁሉንም ነገሩት፤ ጎማውን፣ ሳሙናውን፣ ጧትና ማታውን፣ «ይሙቅ» ማለቴን። እኔ ግድግዳውን እያየሁ አለቅስ ነበር። ሲጨርሱ ሐኪሙ አልተቆጣም። «ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?» ብቻ አለኝ።

«ሰይድ ከሄደ» አልሁ። ሰይድ ማን እንደሆነ እሱ ከየት ያውቃል? ግን «ገባኝ» አለኝ።

ከዚያ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ። አንጀት ጡንቻ ነው፤ ውኃ ቀን በቀን ሲገፋለት መግፋቱን ይተዋል። ሳሙናውና ሙቀቱ የውስጥ ሽፋኑን እንደ ቃጠሎ ልጦታል፤ ደሙ ከዚያ ነው። ብዙ ውኃ ሲገባና ሲወጣ ደግሞ ልብና ጅማት የሚሠሩበትን ጨው፣ ፖታሲየም የሚባለውን፣ ከሰውነት አጥቦ ይወስዳል። እግሬ የከዳኝ፣ ልቤ የተርገበገበው ለዚህ ነበር።

እማ ሐዋ ዘንቢላቸውን ጣሉና ደረታቸውን መቱ። «እኔ ነኝ የገደልኋት! በገዛ እጄ! ልጄ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

«አልገደሏትም፣ እማማ» አላቸው ሐኪሙ እጃቸውን ይዞ። «አሁን ባይናገሩ ኖሮ ነበር የምትሞተው።»

በክንዴ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ያን የታጠበ ጨው ጨመሩበት፣ ምግብ ከለከሉኝ፣ ሆዴን እየነካኩ ጠበቁ። አንጀቴ አልተበሳም ነበር። ሳልቀደድ ቀረሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

አጠገቤ የተኛችው እትዬ ጥሩነሽ የምትባል የፎገራ ሜዳ ገበሬ ሚስት ነበረች። እሷ ጾም ላይ፣ እኔ ከምግብ የተከለከልሁ፤ «እኔና አንቺን ለማብላት የመጣ ሰው ከሰረ» እያለች ታስቀኛለች። ስቄ ሆዴን ሲያመኝ ደግሞ ይቅርታ ትለኛለች። ስለ ላሞቿ ነበር የምታወራኝ፤ ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ወደ ደጋ እንዴት እንደሚነዷቸው፣ ውኃው ሲሸሽ ሣሩን አይተው እንዴት እየሮጡ እንደሚመለሱ። «መንገዱን ማንም አያሳያቸው፤ እነሱ ናቸው የሚቀድሙን» ትላለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። በሆዴ ምን እንዳልሁ ሳታውቅ አልቀረችም፤ ብርድ ልብሴን አስተካከለችልኝ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ የነገረኝን እንደ አደራ ይዤዋለሁ፣ ለእናንተም እነግራለሁ። ኢኔማ ነውርም መርዝም አይደለም፤ በልክና በቦታው ከሆነ ሰው ያድናል፣ እኔንም መጀመሪያ ቀን አሳርፎኛል። ጥፋቱ መዝናኛና መሸሸጊያ ሳደርገው ነው የመጣው። ሲቸግር ሐኪም አይቶ ይስጥ። እቤት የሚያደርግ ሰው ቢኖር እንኳ ውኃው ከሰውነት ሙቀት አይለፍ፣ መጠኑ ትንሽ ይሁን፣ ሳሙናም ቅጠልም አይግባበት፣ ጎማው የራሱ ብቻና በደንብ የተቀቀለ ይሁን፣ እያመመው አይግፋ። ደም ያየ፣ ትኩሳት ያለው፣ ሆዱን የሚቆርጠው፣ ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው፣ ያረገዘች ሴት ከነጭራሹ አይንኩት። አንድ ቀን ካላደረግሁት አልውልም የሚል ደግሞ፣ እኔ የቆምሁበት ቦታ ቆሟልና ይመለስ። ሐኪም ሲጠይቃችሁም በአፍ የገባውን ብቻ አትንገሩት።

መዳኑ እንደ መታመሙ ቀላል አልነበረም። በየጧቱ ትኩስ ነገር ጠጥቼ ሳልቸኩል እንድቀመጥ ታዝዣለሁ። እቀመጣለሁ፣ ምንም የለም። የገብስ ቂጣ፣ ጎመን፣ የተልባ ውኃ፤ እትዬ ጥሩነሽ ለገበያ ስትመጣ ተልባውን ከቤቷ እያመጣችልኝ። ከእማ ሐዋ ጋር በየቀኑ ከከተማው ወጣ ብለን እንሄዳለን። ውኃው በሸሸበት ጭቃ ላይ ገበሬዎቹ ሽምብራና ጓያ ይዘራሉ። እማ ሐዋ ይደክማቸዋል፤ እኔ እንድሄድ ብለው ግን ይሄዳሉ።

የመኪናው ድምፅም ተመልሶ መጣ። መደበቂያዬ ስለተወሰደብኝ ሁሉንም እሰማው ነበር። አንድ ቀን አልቻልሁም፤ እንደ ልጅ እግራቸው ሥር ተቀምጬ «እማ፣ ዛሬ ብቻ። ለብ ያለ ብቻ» ብዬ ለመንኋቸው።

«አላደርገውም።»

«እማ፣ ጭንቅ ብሎኛል።»

«እኔንም ጨንቆኛል። እኔ በምን ልታጠብ?» አሉ። ያን ቀን ኑርዬ ከሄደ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰይድን ስም ጠሩት። በልጅነቱ እንዴት እንደነበረ፣ ገና አፉን ሳይፈታ የመኪና ድምፅ በአፉ ያወጣ እንደነበረ ነገሩኝ። ተቃቅፈን እያለቀስን ዋልን። ሲመሽ ቋጠሮው እንዳለ ነበር፤ ግን ላላ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲጨንቀን ስለ እሱ እናወራ ጀመር።

ሰይድ አልተመለሰም። ጦርነቱ አለቀ፣ ከሄዱት ሹፌሮች የመጡ መጡ፤ እሱን ሲሞት ያየ የለም፣ ሲኖር ያየም የለም። ኑርዬም በኋላ ይቅርታ ጠየቀን፤ እማ ሐዋን እስኪሞቱ ድረስ እኔው ጦርሁ። ናፍቆቱ የሚድን አይደለም። አብሬው መኖርን ለመድሁ እንጂ።

ሆዴ የዳነበትን ቀን ግን ልንገራችሁ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወራት አልፈዋል። አንድ ማለዳ ቁርሴን በልቼ እንደ ልማዴ ተቀመጥሁ፤ ያለ ጎማ፣ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ምጥ ሆዴ በራሱ ሠራ። እንደ ማንኛውም ሰው። ከሽንት ቤቱ «እማ! እማ!» እያልሁ ወጣሁ። እማ ሐዋ ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። የያዙትን ወንፊት ወረወሩና ከግቢው መሐል ቆመው እልልታውን አቀለጡት።

በዚያ ዘመን በሰፈራችን የሚሰማው ለቅሶ ነበር። እልልታ ከተሰማ የሄደ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ጎረቤታችን ከድጃ እጇ ሊጥ እንደሆነ እየሮጠች ገባች፣ ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች።

«ሰይድ መጣ? ሰይድ መጣ?»

እልልታው የምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ራሴ፣ ዞሬ ወደ በሩ አየሁ።

«አልመጣም» አሉ እማ ሐዋ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። «እሷ ናት የመጣችልኝ።»

ከድጃ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። በሊጥ እጇ አቀፈችኝና እልልታውን እማ ሐዋ ካቆሙበት ቀጠለችው።